በዋሱ በኩል የተላከ ስንብት

በ2006 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚሄደው ሚኒባስ አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «አይዟችሁ፣ ሦስቱ ደህና ናቸው» አለ። ተሳፋሪው ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እያጉረመረመ ከዝናቡ ለመሸሽ ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሮጠ። አቶ ሽባባውም ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ከሁሉ ኋላ ደረሱ። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር የቀረው ክፍት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ከቦታው አጠገብ፣ ከእነሱ ቀድማ ከዝናቡ የተጠለለችውን ወጣት ሲያዩ ግን እግራቸው ተያዘ። የፀጋው ልጅ ዮርዳኖስ ነበረች።

አቶ ሽባባው ዳንግላ ውስጥ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ፀጋው እኩያቸው ነው፤ ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ የወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ የሠራው እሱ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ እሱንም ሆነ ቤተሰቡን መንገድ ላይ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። አሁን ግን ዝናቡ መሄጃ አሳጣቸው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ ልጅቱ ተነሣች።

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ፣ ስለ ማርያም!»

«ለሁለታችን ይበቃል» አለችና ጠጋ አለችላቸው።

ሽባባው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተናገሩ፤ ስለ መንገዱም ተናገሩ። አባቷን «ደህና ነው ወይ» ለማለት ግን አፋቸው አልታዘዝ አላቸው።

«አንቺስ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሕግ ተምሬ ጨረስኩ። እንጅባራ አንድ ጠበቃ ዘንድ እሠራለሁ። የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አባቴን ለማየት እዚህ እወርዳለሁ፤ ዛሬ ዳንግላ ጉዳይ ነበረኝና በዚያ በኩል መጣሁ።»

«ጎሽ! እሰይ!» አሉ ሽባባው፤ ከልባቸው ነበር። ደስታው ምላሳቸውን ፈታውና ሳያስቡት፣ «እኔንም ዛሬ ያስወጣኝ የሠራተኛ ጉዳይ ነው» አሉ። ወዲያው ተጸጸቱ፤ ግን የጀመሩትን መዋጥ ስላልተቻላቸው ጨረሱት። ሚዛን ላይ የምትሠራው ማስተዋል ማርፈድ አብዝታለች። ባለ እህሎቹ ከነአህዮቻቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ስትቀጠር ዋስ የሆኗት አቶ ዓለምነው እንጅባራ ይኖራሉና፣ እሳቸው ዘንድ ሄደው «ልጅቱ ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ» ሊሉ ነው።

«እሷስ ታውቃለች?»

«ከዋሷ ትሰማለቻ!»

«ለምን እንደምታረፍድ ጠይቀዋታል?»

«ምን ብዬ? ዐይን ዐይኗን እያየሁ ላሸማቅቃት?»

በዚያ አገር ነገሩ ከጥንት እንዲህ ነው። ሠራተኛ በዋስ ይገባል፤ በዋስ ይወጣል። ፊት ለፊት «ሂድ» ማለት ነውር ይመስላል። ስለዚህ ዋሱ ይጠራል፣ አንድ ሁለት መለኪያ ይቀዳለታል፣ ወሬው ሁሉ ካለቀ በኋላ ሊነሣ ሲል «ያን ልጅህን ሰብስበው» ይባላል። ዋሱ ምክንያት አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም አይነገረውም። ይህን ልማድ ያቆዩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንደ አቶ ሽባባው ያሉ፣ ለሰው ፊት የሚሳሱ ደግ ሰዎች ናቸው።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር» አለች ዮርዳኖስ።

«ተናገሪ።»

«ዋሱ እኮ የእርስዎ ሠራተኛ አይደለም። ሕጉ የሚያውቀው እርስዎንና ማስተዋልን ነው። ገና ስትቀጠር ሥራዋን፣ ደመወዟን፣ የሥራ ሰዓቷን ጽፈውና ፈርመው ሊሰጧት ይገባ ነበር።»

«ቃሌ አይበቃም? ዳንግላ ውስጥ ቃሌን የሚጠራጠር አለ?»

«የለም። ግን ለመሆኑ ስንት ሰዓት ነው መግቢያዋ?»

ሽባባው ትንሽ አሰቡ። «ወፍጮው ሲነሣ ነው።»

«ወፍጮው ስንት ሰዓት ይነሣል?»

«መብራት ሲመጣ ነዋ!»

አጠገባቸው የቆሙት ሳቁ። «ታዲያ ልጅቱ ምን አጠፋች? ያረፈደው መብራት ኃይል ነው» አለ አንዱ። ሽባባውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

ዮርዳኖስ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ማርፈዷ እውነት ጥፋት ከሆነ ሕጉ አይሸፍንላትም፤ ግን ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ይጠይቋታል፤ የምትለውን ይሰማሉ። በቂ ምክንያት ከሌላት በጽሑፍ ያስጠነቅቋታል። ተመክራ ካልታረመች ያን ጊዜ ያሰናብቷታል። ሲያሰናብቷትም ለምንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጽፈው በራሷ እጅ ይሰጧታል።»

«ጥፋቷን በወረቀት ጽፌ ልስጣት?» ሽባባው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ይኸ ነው እናንተ ከትምህርት ቤት ይዛችሁ የመጣችሁት ጭካኔ። እኔ ዝም ብዬ ሳሰናብት ስሟን እየጠበቅሁላት ነው። ምክንያቱን ካልተናገርኩ ሰው ምን ያወራል? ምንም!»

«የአባቴንም ስም እንዲህ ነው የጠበቁለት?»

ጥያቄው በዝግታ፣ ያለ ቁጣ ነበር የተጠየቀው። ሽባባው ዐይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። «አዎ ልጄ። አንድ ክፉ ቃል ስለ እሱ ከአፌ አልወጣም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ደግሞም ይኸን እውነት አራት ዓመት ሙሉ ተደግፈውት ኖረዋል።

በዚህ መሐል ከበረንዳው ጫፍ ዘንቢል የያዘች ሴት ወደ እነሱ ቀረበች። ካሳነሽ የምትባል የዳንግላ ሰው፣ የወፍጮ ቤቱ ደንበኛ ናት። ከወሬው «ወፍጮ» የሚለውን ብቻ ነበር የሰማችው።

«አቶ ሽባባው! ሳላይዎት! ወፍጮዎ እኮ አሁን ተባረከ። ያን ሰውዬ ካባረሩልን ወዲህ ዱቄታችን ሞልቶ ይገባል።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ፀጋውን ነዋ! ያን ዱቄት አጉዳይ።»

ሽባባው ብድግ አሉ። «ዱቄት አጎደለ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«እንዴ! እርስዎ ነዎት እንጂ! ያን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ካልሰረቀ በአንድ ቀን ዝም ተብሎ ይባረራል? እርስዎማ ጨዋ ነዎት፣ ሸፈኑለት። እኛ ግን ገብቶናል።»

«ልጁ ነኝ፣ እትዬ» አለች ዮርዳኖስ።

ካሳነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘንቢሏን አንሥታ ወደ በረንዳው ጫፍ ተመለሰች።

ሽባባው «እኔ አላልኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ከዝናቡ በላይ አልወጣም።

«እርስዎማ ምንም አላሉም» አለች ዮርዳኖስ። «ያ ዝምታዎ ነው እንዲህ ያስባለው። አባቴ ዳንግላ ያሉ ወፍጮ ቤቶችን ሁሉ ዞረ፤ የተቀበለው የለም። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ አንድ እሑድ ሄዶ የሣጥኑን ቁልፍ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘው። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። በመጨረሻ ቤቱን ዘግተን እዚህ መጣን፤ አሁን ለከሰል አክሳዮች ግራር ይቆርጣል። ምን አጠፋሁ ብሎ ዋሱን ጠየቀ፤ ዋሱ አያውቅም። እርስዎ ዘንድ መጣ፤ የለሁም አስባሉ። እስከ ዛሬ ማታ ማታ የሚጠይቀኝ ይኸንኑ ነው። ልከስዎት አይደለም ጋሼ፤ የክሱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ምክንያቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ጆሮው ነው» አሉ ሽባባው።

ልጅቱ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ወፍጮ ላይ የቆመ ሰው የሚሠራው በጆሮው ነው። እህሉ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን ሲፈጭ ድምፁ ይለወጣል። እሱ አይለየውም ነበር። አየሁና ዝም አልኩ። አንድ ቀን የአንዲት ሴት ነጠላ ድንጋዩን የሚያሽከረክረው የሞተሩ ቺንጋ ላይ ተጠመጠመ። ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ጮኸ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ጆንያ ያስራል። ሮጬ ሞተሩን ባላጠፋው ሴትዮዋ ዛሬ የለችም። ታዲያ ለእኩያዬ፣ ለልጆች አባት፣ ደንቁረሃል ልበለው? ከዚያ ዋሱን ጠራሁት።»

ዮርዳኖስ ስትናገር ድምፅዋ የሕግ ባለሙያ ድምፅ መሆኑን ትቶ ነበር። «በቂ ምክንያት ነበረዎት እኮ! የሰው ሕይወት ነው፤ ማንም አይፈርድብዎትም ነበር። ብቻ ቢነግሩት፣ ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። ጆሮውን የጎዳው የወፍጮው ጩኸት ከሆነ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ማሳከሙ የእርስዎ ድርሻ ነበር። ከድንጋዩ አንሥተው ሚዛን ላይ ሊያስቀምጡት ይችሉ ነበር። ያም ባይሆን ቀደም ብለው አስጠንቅቀው፣ የስንብት ክፍያውን ሰጥተው፣ ምን ሥራ ስንት ዘመን እንደሠራ የሚመሰክር ወረቀት አስይዘው ይሸኙት ነበር። ያን ወረቀት የያዘን ሰው ማን ሌባ ይለዋል?»

ዝናቡ እያባራ ነበር። ሹፌሩ ጎማውን ጨርሶ፣ «እንጅባራ! እንሂድ! አባት፣ ይግቡ እንጂ!» እያለ ተጣራ።

«ሂዱ፣ እኔ እቀራለሁ» አሉ ሽባባው፤ ከዚያም ወደ ልጅቱ ዞረው፣ «አባትሽ ዘንድ ውሰጂኝ» አሏት።

አቶ ዓለምነው ዘንድ ከዚያ በኋላም አልሄዱም። ሰኞ ዕለት ማስተዋልን ቢሮአቸው ጠርተው ፊት ለፊት ጠየቋት። ስትመልስላቸው አለቀሰች፤ እናቷን ቁስል ይዟት ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ታደርሳት ኖሯል፤ ለመንገር አፍራ ነበር። መግቢያዋን አንድ ሰዓት አዘግይተው ማታ እንድታካክስ ተስማሙ፤ ስምምነቱንም ጽፈው ሁለቱም ፈረሙበት። ከዚያ ወዲህ አላረፈደችም፤ ሽባባውም የሰለጠነ ሠራተኛ በማያውቁት አልለወጡም። ለሌሎቹም ሥራቸውንና ሰዓታቸውን ጽፈው ሰጡ። ያጠፋ ይጠየቃል፤ መልሱ ይሰማል፤ ካልታረመ በጽሑፍ ይነገረዋል። የሚሰናበት ምክንያቱን አውቆ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሠራተኛው ነገ ምን ይደርስብኝ ይሆን ከሚል ስጋት ዳነ፤ ባለቤቱም ከክስና ከሐሜት። በዳንግላ ዕድር ፊት ቆመውም ፀጋው ምንም አለመስረቁን በራሳቸው አፍ ተናገሩ።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሁለቱ ጭቃውን እየረገጡ ከገበያው ማዶ ወዳለው ቤት ሄዱ።

ፀጋው ከቤቱ ታዛ ሥር ተቀምጦ መጥረቢያ ይስል ነበር። ወደ ግቢው ሲገቡ ቀና አላለም። ዮርዳኖስ ትከሻውን ስትነካው ዞረ፤ ሽባባውንም አየ። ጥቂት ተመለከታቸውና ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀላቸው።

ሽባባው አልተቀመጡም። «ፀጋው፣ ይቅር በለኝ» አሉ። ሴትዮዋን፣ ቺንጋውን፣ ዋሱን፣ ሁሉንም እየተርበተበቱ ነገሩት። ፀጋው ዐይኑን ከከንፈራቸው ሳይነቅል ቆየና፣ ሲጨርሱ ወደ ልጁ ዞረ።

«አይሰማም ጋሼ» አለች ዮርዳኖስ። «ካለፈው ዓመት ወዲህ ጨርሶ ጠፋ።»

ከቦርሳዋ ብዕርና አንድ ቅጠል ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። ሽባባው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸው ላይ ጻፉ፤ «ፀጋው አልሰረቀም። ያሰናበትኩት ጆሮው ስለደከመና በሰው ላይ አደጋ እንዳይደርስ ብዬ ነው» ብለው ፈረሙበት።

ፀጋው የቄስ ትምህርት የቀመሰ ነው። እጁን በሱሪው ጠረገና ተቀበለ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና አነበበው። ከዚያ የገዛ ድምፁን የማይሰማ ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ግቢው ዞሩ።

«ይኸን ነው የደበቅኸኝ? ሽባባው፣ ያን ጊዜ እኮ ቀረብ ብሎ የነገረኝን ሰው እሰማ ነበር።»