የቤት ቁጥር 700 ሞት

(እድሩ ማለዳ የለቅሶ ድንኳን ደጃፋቸው ላይ ተክሎባቸው፣ አቶ ደባልቄ በቁማቸው ሳሎናቸው ውስጥ በመስኮቱ ጥግ ተለጥፈው ያዩታል፤ የእድሩን ድረ ገጽ የሠራችው ልጃቸው ረድኤት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።)

ደባልቄ፦ ንቀይልኝ አልኩሽ።

ረድኤት፦ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ አይደለሁም፣ አባባ።

ደባልቄ፦ የተከለው ያንቺ ገጽ ነው። ሽማግሌዎቹ አሁን ይደርሳሉ። አንቺን ሊለምኑ መጥተው የኔን ለቅሶ ያግኙ?

ረድኤት፦ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመልሷቸው አይደል? ድንኳኑን አይተው ራሳቸው ቢመለሱ ምን ቸገረዎት?

ደባልቄ፦ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። በሕይወት ሆኜ።

ረድኤት፦ እሺ።

ደባልቄ፦ ለመሆኑ እንዴት ነው የሞትኩት?

ረድኤት፦ ብሎክ ሰባት ያሉት እትዬ አሰገደች ትናንት አረፉ። የቤታቸው ቁጥር 7E2 ነው። የእኛ 700።

ደባልቄ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እኔን ምን አገባኝ?

ረድኤት፦ ገጹን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ ሁለት ጽሑፎች እኩል ናቸው ወይ ሲባል፣ ሁለቱም ቁጥር ከመሰሉት እንደ ጽሑፍ አያያቸውም። ያሰላቸዋል። 7E2 ለእሱ ሰባት ጽፈህ ሁለት ዜሮ ጨምር ማለት ነው።

ደባልቄ፦ ሰባት መቶ።

ረድኤት፦ ሰባት መቶ። እድሩ ሁለት ድንኳን አለው፤ ገጹ ሁለቱንም ቤት የሟች ቤት ብሎ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለእርስዎ አዘዘ።

ደባልቄ፦ ማን አስላ አለው? እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ኢ ፊደል እንደሆነች ግን አውቃለሁ።

ረድኤት፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት የእኩል ምልክት ጻፍኩ። ሦስት ብጽፍ ኖሮ ሳያሰላ ፊደል በፊደል ያስተያይ ነበር።

ደባልቄ፦ አንድ ምልክት ቆጥበሽ አባትሽን ገደልሽ።

ረድኤት፦ ጠዋት ለድንኳን ተካዮቹ ነገሯቸው አይደል? አለቃቸው ምን አለዎት?

ደባልቄ፦ «ጋሼ፣ መኖርዎን በዓይኔ አያለሁ፤ ገጹ ግን አልነገረኝም» አለኝ።

ረድኤት፦ ገጹ ሳያዝ ድንኳን አይተከል፣ አይነቀል ብሎ ያስወሰነው ማን ነው? ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም ብሎ ስብሰባ ላይ የተነሳው?

ደባልቄ፦ አስተካክዪ።

ረድኤት፦ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሽማግሌ የላከብዎት አብነት ምን አደረገዎት?

ደባልቄ፦ ምንም።

ረድኤት፦ ታዲያ?

ደባልቄ፦ ይዞሽ የሚሄደው አሶሳ ነው። ሩቅ ነው።

ረድኤት፦ ለማን?

ደባልቄ፦ ለአውቶቡስ።

ረድኤት፦ በየወሩ እመጣለሁ ብዬዎታለሁ።

ደባልቄ፦ ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚሄደው። ጻፊ አሁን።

ረድኤት፦ ከመስኮቱ ዞር ይበሉ። መጡ።

ደባልቄ፦ ስንት ናቸው?

ረድኤት፦ ሦስት። ወንበር የሚያወርደውን ሰውዬ እየጠየቁት ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ደባልቄ፦ በቃ፣ ይመለሳሉ። አልለፋሁም።

ረድኤት፦ አልተመለሱም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ደባልቄ፦ መስኮቱን በቀስታ ክፈቺው። ምን ይላሉ?

ረድኤት፦ የአብነት አጎት ናቸው። «ሁለቴ መለሱን። እኔም እንዲህ ያለች ልጅ ብትኖረኝ እመልስ ነበር» አሉ።

ደባልቄ፦ እንደዚያ አለ?

ረድኤት፦ እንደዚያ። አሁን ደግሞ፣ «የልመናው ነገር ይቆይ። ልጅቷ ብቻዋን ቀርታለች፤ ሦስቱንም ቀን አብረናት እንቀመጥ» እያሉ ነው።

ደባልቄ፦ የሚያለቅስ አለ?

ረድኤት፦ አጎትየው። መሐረብ አውጥተዋል።

ደባልቄ፦ ለእኔ?

ረድኤት፦ እትዬ አሰገደችንማ አያውቋቸውም።

ደባልቄ፦ ሁለቴ ከደጅ የመለስኩት ሰው።

ረድኤት፦ ምልክቷን ልጨምር፣ አባባ?

ደባልቄ፦ ጨምሪ። ከሟቾቹ ዝርዝር ስታወጪኝ፣ በዚያው ድንኳኑን ለሠርግሽ ቀን ያዢው።