ስለ ሰፊው መቅዘፊያ የተደረገ ክርክር

በፈረንጆች 1996፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ሌክ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ጋሽ ሳህሉን አገኘኋቸው። ምድር ቤት ተከራይተው ፈሳሽ ሳሙና በበርሜል እያማሰሉ የሚሸጡ ጎረቤቴ ናቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

«መምህር፣ ጉድ ሆኛለሁ! የማማሰያው ሞተሬ የሕንፃውን መብራት ሁለቴ አጠፋው። የሕንፃው ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ ከጠፋ ቁልፉን አምጣ ብሎኛል» አሉኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። ቢሆንም አብሬያቸው ወረድሁ።

ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የምትማረው የጎረቤታችን ልጅ ከሚሪያ በርሜሉ ላይ አጎንብሳ ጠበቀችን።

«ጋሼ፣ ይህን የማማሰያ መቅዘፊያ ማን ሠራልዎት?»

«ራሴ ነኝ የበየድሁት፣ ሰፊና ቀጥ ያለ። ገንፎ የሚገነፋው በጉልበት ነው፣ ልጄ!»

«ሳሙናው ግን ገንፎ አይደለም። ይህ ብረት ፈሳሹን ዝም ብሎ ይዞት ይዞራል። ይዩት።» ሞተሩን አስነሥታ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገች። ቀለሙ ላይ ላዩን ቀለበት ሠርቶ ይዞር ጀመር።

«ታዲያ ፍጥነት ልጨምርለታ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ስሎው ያድርጉት! ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሱ የሚበላው ኃይል ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ይሆናል።»

ጋሽ ሳህሉ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ግማሽ ሲቀነስ ግማሽ አይደለም እንዴ?»

በጣቴ ብቆጥር፣ ብቆጥር አልወጣልኝም። አላውቅም ማለት ቢያሳፍረኝ፣ የገባው ሰው መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«በዝግታ ከሆነማ የታችኛው ሳይነካ ይቀራል!» አሉ ጋሽ ሳህሉ ተቆጥተው።

«ስለዚህ መቅዘፊያው እንደ ቬንትሌተር ክንፍ ጋደል ይበል፤ ፈሳሹን ወደ ታች ይገፋዋል። ከበርሜሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ አራት ጠፍጣፋ ብረት እናቁም፤ ፈሳሹ አብሮ እንዳይዞር ያግዱታል።»

«ለደከመ ሞተር እንቅፋት ልትጨምሪለት ነው? ይሄ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?»

እኔም በሆዴ «እውነታቸውን ነው» አልሁ። ከሚሪያ ግን በትሕትና፣ «ፍጥነቱ ሲቀንስ፣ መቅዘፊያውም ሲያጥር አይከብደውም፤ በድሮው ከቀጠሉ ግን ሦስተኛው መጥፋት አይቀርልዎትም» አለቻቸው። ጋሽ ሳህሉ ይህን ሲሰሙ መዶሻቸውን አነሡ።

መቅዘፊያውን አሳጥረው፣ ቀጥቅጠው አጋደሉት። አራቱም ብረቶች ቆሙ፤ ፍጥነቱም በግማሽ ተቀነሰ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ከማነሱ የተነሣ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ቀለሙ ግን ጠብ እንዳለ ወደ ታች ሰመጠ፣ በዳር በኩል ተመልሶ ወጣ፣ ወዲያው ሳሙናው ሁሉ አንድ መልክ ሆነ። ጋሽ ሳህሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ይኸኔ የሕንፃው ባለቤት እጁን ዘርግቶ ወረደ። የሞተሩን ድምፅ ሲያጣ የምድር ቤቱ መብራት ለሦስተኛ ጊዜ የጠፋ መስሎት ቁልፉን ሊቀበል ነው። ጋሽ ሳህሉ ቦግ ብሎ የበራውን አምፖል በጣታቸው አሳዩት። ሰውየው በርሜሉን አየ፣ አምፖሉን አየ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

«ለካ ጉልበት ያለ ብልሃት መብራት ማጥፊያ ነው!» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «ኃይል ቆጠብሁ፣ ሞተሬም ዕድሜ አገኘ፣ ቤቴም ተረፈልኝ። ተባረኪ፣ ልጄ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የስምንቱን ነገር እርስዎ ያስረዱኛል፤ ቅድም ገብቶዎት የለ?» አሉኝ።

ከሚሪያ አጠገብ ሄጄ፣ «እኔም አልገባኝም፤ እባክሽ ከሥሩ ጀምሪልን» አልኋት።