የጠራው ቦይና የማርሽ ጓዱ ቀይ ኮቶች

የምስክር መጠሪያ፦ ሙሉ ስሟ በመዝገብ የተያዘ፣ በሰፈር «ምላጭ» የምትባል
ዕድሜ፦ 16 ሥራ፦ ተማሪ
አድራሻ፦ ከክር ማቅለሚያ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠው፦ ረቡዕ ጠዋት፣ አያቷ በተገኙበት

ማቅለሚያ ቤቱ የአጎቴ ነው። የቀለሙን ውሃ ሳያጣራ በቦይ ወደ ወንዙ ይለቃል። ተጠርጥራ የተያዘችው አክስቴ የአጎቴ ታናሽ እህት ስትሆን፣ ከቦዩ በታች የሰው ልብስ እያጠበች ትተዳደራለች። ልማዷ ውሃው ሲቀላ መጠበቅ፣ ሲጠራ ማጠብ ነው።

ትናንት ጠዋት ክር ገዥዋ ልትጎበኝ መጣች። ወንዝ ከሚያቆሽሽ ቤት እንደማትገዛ አስቀድማ አስታውቃ ነበር። አጎቴ ማጣሪያ ገንዳ ከመቆፈር ይልቅ አያቴን አማከረ። እዚህ አጠገቤ የተቀመጡት አያቴም የሰባ ዓመት ጥበባቸውን በአንድ ጊዜ አፍስሰው፣ «ዛሬ ቀለም የለም፤ ክሩን በበረኪና ማንጣት ብቻ! ከነጭ ሥራ የሚወጣው ንጹህ ውሃ ነው» አሉ። እውነትም ቦዩ እንደ መስታወት ጠራ።

ገዥዋ ጎንበስ ብላ አየችው። አያቴ «ልጄ፣ ይጠጣል እኮ!» አሏት። «እንግዲያው አባባ ይቅደሙ» ስትላቸው ጥርሳቸውን ድንገት አመማቸው። እኔ ሳቄን በእጄ አፍኜ ያዝኩት።

ወዲያው አክስቴ ልታጥብ ከተረከበቻቸው የማርሽ ሙዚቃ ጓዱ ቀይ ኮቶች አንዱን ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ኮቱ እንደ ነብር ተዥጎርጉሯል። «አንተ! ውሃው ጠራ ብዬ፣ በረኪና ሲሸተኝም ዛሬስ አጸዱልን ብዬ ኮቱን ሁሉ ዘፈዘፍኩት እኮ!» አለችው ወንድሟን። የጓዱ አለቃ ከኋላዋ መጥቶ «ሆን ብላ ነው ያበላሸችው!» በማለት ፖሊስ ጠራ። ፖሊስም አክስቴን ይዟት ሄደ። ገዥዋም «ማጣሪያው ሲሠራ ጥሩኝ» ብላ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

አጎቴን ምን እንዳነቃው መርማሪው ላቀረቡልኝ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ፦ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ግድግዳው ላይ የዝንብ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። የጎረቤት ስሞታ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ገዥዋ ስትሄድ አካፋ ፈለገ፤ እህቱ መያዟ ግን አስቆፈረው። ዛሬ የማጣሪያው ጉድጓድ ወገቡ ድረስ ደርሷል! ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ ትናንት ሲሰድበው የነበረው ሁሉ አፈር እየዛቀ ነው። ሰፈራችን እንዲህ ሲደምቅ አይቼ አላውቅም።

በረኪናውን ወደ ቦዩ የለቀቀው አጎቴ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። አክስቴ ጥፋት የለባትም። አጎቴ ራሱ ይህንኑ ሊናገር ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ «እሷን አስወጡና እኔን አስገቡኝ!» እያለ ሲጮህ አሁን በበሩ በኩል ይሰማኛል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ ያየሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ የተናገርኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ________
የአያቷ ፊርማ ________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________