ከኤዶ አሚና ግድግዳ ሥር የወጣው መዳብ

በእኛ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ሰው የሚከበረው በእጁ ሙያ ነበር፤ እኔ እንኳ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኜ በባቡረኞቹ እቀና ነበር፣ ልዋሽ? ታዲያ ዘንድሮ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ጎረቤቴ ጌታሁን የሽንት ቤት ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ከኤዶ አሚና ግድግዳ ሥር፤ ኤዶ አሚና ማለት በአባቷ ቤት ብቻዋን የምትኖር፣ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ባለሱቅ ናት፤ እና ሲቆፈር ሲቆፈር ክብ ክብ መዳብ ወጣ፣ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ፣ ቀዳዳ ያለው።

ጌታሁን አበደ! «የሐረር አሚሮች ገንዘብ ነው! ቀዳዳው በክር ሊያዝ ነው! የተቀበረበት ማሰሮ ከግድግዳው ሥር ነው፣ ቆፍሩ!» እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ልቤ አብሮት ቆፈረ። ግድግዳው ደግሞ የድሮ ጭቃ ነው፤ መሠረቱ ከተነካ የሴትዮዋ ቤት ተናደ ማለት ነው።

ታዲያ ኤዶ አሚና ወጣች። ጮኸች? አልጮኸችም። መዳቡንም አልነካችም።

«ጌታሁን፣ ወላሂ ገንዘብ አይደለም። እሽት አድርገህ እየው፣ ሰባ ሁለት ይላል።»

«ሌላውስ?»

«እሱም ሰባ ሁለት። ሁሉም።»

ሎሚና ጨው አስመጣን፣ አሸን አሸን፣ አንዱ ሰባ ሁለት፣ ሌላው ሰባ ሁለት! ጌታሁን ላብ አጠመቀው። «ኤዶ፣ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?»

«የአባቴ የሥራ ቁጥር ነዋ! ባቡር ጥገና ነበር የሚሠራው። እዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥሩ ያለበት ብዙ መዳብ ይሰጠዋል፤ መዶሻ ስትወስድ አንዱን መዳብህን እቃ ቤት ሚስማር ላይ ትሰቅላለህ፣ መዶሻውን ስትመልስ መዳብህን ትወስዳለህ። መዳብ የሌለው መሣሪያ አይሰጠውም።»

«ታዲያ ማን ቀበረው?»

«እኔ ነኛ! እናቴ የሞተች ሰሞን፣ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሥራ እንዳይሄድብኝ ብዬ።»

እዩት እንግዲህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ያልተናገረችውን በሰው ሁሉ ፊት አወጣችው፣ ያውም ፈገግ ብላ። እንዴት ያለች ሴት ናት! እኔ ኮራሁባት፣ በእውነት ኮራሁባት። ጌታሁንም አፈሩን መለሰ፣ ጉድጓዱን ወዲያ ማዶ አዞረው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ኤዶ፣ አባትሽ ቀረልሽ ታዲያ?» አላት።

«ያን ቀን ቀረልኝ። መዳቡን ሲፈልግ ዋለ፣ እኔም አብሬው ስፈልግ።»

ሃ ሃ ሃ! ሰማችሁልኝ? አብራው ስትፈልግ!