በርሜሎቹ ለእንግዳ የተከፈቱ ዕለት

ለአክስቴ ሳው፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከአምስተኛ ክፍል ትምህርት ያቆመች ልጅ ከዚህ የተሻለ ከየት ታምጣ? የፊደሉንም ግድፈት እያቃኑ ያንብቡት። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የድራጎን ፍሬውስ ዘንድሮ ያዘ? እኛ ደህና ነን፤ ከተማችን ፋን ቲየትም እንደ ልማዷ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች።

የሉዋ ጥሎሽ ሊመጣ ነው አሉ... እሰይ። ልጅዎ ታድላ። እንደ እጮኛዋ ያለ የተማረ ሰው በስንት ዘመን አንዴ ይገኛል? ስማቸውን እንኳ በእኔ አፍ መጥራት ድፍረት ነው። በፋብሪካው ቢሮ ሻይ ሳቀርብላቸው ቀና ብዬ አላያቸውም፤ እሳቸውም አያዩኝም፤ ትልቅ ሰው መቼ ዝቅ ብሎ ያያል?

የዓሣ ስጎ ፋብሪካችን በአዲሱ የሂሳብ አያያዝ ደንብ ሊሠራ አይደል? እሳቸው ሳይጎን ሄደው ሠልጥነው መጡና ዝግጅቱ ሁሉ በእጃቸው ሆነ። ምን የቀረ ነገር አለ ብለው? ሰንጠረዡ በቀለም ተሰቀለ፤ ስብሰባው በኬክ ሆነ። የተከራየናቸው ጀልባዎች እንኳ በእኛ መዝገብ ይግቡ ተባለ፤ ደንቡ ነው። ሽማግሌው ካፒቴን ግን ጀልባው የተወረሰበት መስሎት ምንጣፉንና ድስቱን ይዞ እዚያው ላይ መኖር ጀመረ። ቢያስረዱት ምን ነበር ይሉኝ ይሆናል... ምነው አክስቴ፣ ሥልጠና የሄዱት ከዓሣ አጥማጅ ጋር ሊያወሩ ነው እንዴ?

ከዚያ ስጎው የሚብላላባቸው በርሜሎች ተራ ደረሰ። ድሮ የሚጻፈው ለዓሣውና ለጨው የወጣው ወጪ ነበር፤ አሁን ግን ቢሸጥ ስንት ያወጣል ተብሎም ይታያል፤ ካነሰ ያነሰው ይጻፋል። ዋጋ ገማቾች ከሳይጎን ሲመጡ ቆመው እንዳይጠብቁ፣ በግቢው ያለው በርሜል ሁሉ ክዳኑ ይነሳ ብለው ሙሽራችን አዘዙ። እንዴት ያሉ እንግዳ አክባሪ ናቸው። አባዬ የበርሜል ጠባቂ አይደል፣ «ሰማዩ ከብዷል፣ ለዛሬ ቢቀርስ?» አላቸው።

«ደንቡ ስለ ሰማይ አይናገርም» አሉት።

ምን ይባላል? ደመናውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ውሻውም አይቶት በረንዳ ሥር ገብቷል። ግን እኔም ውሻውም አልሠለጠንንም...

ዘነበ። ዓመት ሙሉ ሲብላላ የኖረው ሁሉ በውሃ ተሞላ። ገማቾቹ ግን አልደከሙም፤ ምንም አያወጣም ብሎ መጻፍ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል... እሳቸው መጽሐፉን አልነኩም፤ በርሜሉን ብቻ ነው ያጠቡት።

አሁን ሪፖርቱ ላይ ጠባቂው ሳይታዘዝ ክዳን አነሳ ተብሎ ተጽፏል። አባዬ ሰኞ ይፈርማል። ከፈረመ ሥራውም ይሄዳል፣ የምንኖርባት የፋብሪካው ቤትም ትሄዳለች። እምቢ በል ስለው፣ የእህቴን ልጅ ሰርግ አላፈርስም ይለኛል። እንዴት ያለ ደግ አጎት ነው፣ አይደል?

እኔ ደግሞ ለማንም፣ ለአባዬም ያልነገርኩት አለኝ። ዝናቡ ሲጥል ሻይ ይዤ የቢሮው በር ላይ ቆሜ ነበር። ጸሐፊው ጥፋቱ በማን ስም ይጻፍ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «በበርሜል ጠባቂው ይሁን። የእጮኛዬ አጎት ነው፤ ለሰርጉ ሲል ትንፍሽ አይልም» አሉት። ሰው በዝምድና እንዲህ ሲተማመን ደስ አይልም?

አያቶቻችን ይስሙኝ አክስቴ፤ ሰርጉን ያሳምሩልዎት። ጧሪዎም ቀባሪዎም እሳቸው ይሁኑ። አባዬን እንዳከበሩት እርስዎንም ያክብሩዎት።