ሁሉም አምስት የሰጠበት ዓመት

ግራንቱ ታደሰልን! የማዕከላችን የእርዳታ ገንዘብ፣ ለሦስት ዓመት። ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰን፤ ኃላፊያችን ፍሬው "ንግግርሽ መጨረሻ ላይ ትነግሪያቸዋለሽ" ብሎኝ ነበር፣ አልቻልኩም። እንግዲህ እንደምን ዋላችሁ፤ ጋሽ አምባቸውን በጡረታ ልንሸኝ ነው የተሰበሰብነው።

ጋሽ አምባቸው የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ሊልበርን ከተማ ወዳለው የልጆች ንባብ ማዕከላችን ሲመጡ ክራባት አስረው፣ ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። የእሳት አደጋ ኢንስፔክተር መስለውኝ መውጫው ላይ የተከመሩትን የመጽሐፍ ካርቶኖች ተሯሩጬ አነሳሁ። ስጨርስ፣ "አምባቸው እባላለሁ፤ ፕሮጀክቱን የምገመግመው እኔ ነኝ" አሉ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ስሸከም ለምን ዝም አሉ?"

"ሥራ ላይ ያለ ሰው አላቋርጥም።"

ለወላጆች የምደውለው ያኔም እኔ ነበርኩ። ግምገማ ማለት በመጨረሻ መጥቶ ስህተት መልቀም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹ ገና ደብተር ሳያወጡ ጀመሩ፤ "ዛሬ እንዴት እንደሚያነቡ ካላወቅን በዓመቱ መጨረሻ ምን ልንል ነው?" እያሉ። "በምን ታወቀ?" የምትለዋን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጄ ስትዳር አጠገቤ ተቀምጠው "ሙሽራዋ ደስ ብሏታል" ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

በሁለተኛው ዓመት ሰርቬይ አደረግን። ወላጆቹ ጋ ደውዬ ከአንድ እስከ አምስት ስጡን አልኩ። ሰባ ሁለት ወላጅ፣ ሰባ ሁለት አምስት። እየበረርኩ ወሰድኩላቸው። "ደጊቱ፣ ይሄ ስለ ፕሮግራሙ አይደለም፤ አንቺን ስለሚወዱሽ ነው" አሉኝ። እውነት ነው፣ ልጁን በነፃ ለሚያስተምርለት ሰው ሁለት የሚሰጥ ሐበሻ የት አለ?

ጥያቄውን ቀየሩት። "ልጅዎ ባለፈው ወር የቀረው ለምንድን ነው?" ዱሉዝ ከተማ መጋዘን ውስጥ የምትሠራው ርብቃ፣ "ንባቡ ሳይጀመር ሺፍት ስለምገባ ልጄን ቀድሜ እወስደዋለሁ፤ እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ። ለካ ግማሾቹ ልጆች መክሰስ በልተው ነው የሚሄዱት። ንባባቸውም ፈቀቅ አላለም።

ጋሽ አምባቸው ሁሉንም ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። "ይሄን ከላኩ ግራንቱ ይቆማል፣ ልጆቹ ይበተናሉ" ብዬ ለመንኳቸው።

"ካልላክነውስ መቼ ሊያነቡ ነው?"

አንድ ሳምንት አኮረፍኳቸው። ግራንት ሰጪዎቹ ግን አንብበው ንባቡን ወደ መጀመሪያው ሰዓት እንድናመጣ ፈቀዱ፣ ልጆቹን የሚያደርስ ቫን ጨመሩልን። በዓመቱ የርብቃ ልጅ አንድ ሙሉ ገጽ አነበበልኝ። እኔ ደግሞ አለቀስኩ።

ጋሽ አምባቸው፣ እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ሰንጠረዥ ሲዘረጉ አንድ ቀን "አይገባሽም" አላሉኝም። ወንበር ስበውልኝ "ደጊቱ፣ ይሄ ቁጥር እውነት ይመስልሻል?" ይሉኝ ነበር። እዚህ አገር ሥራ ቦታ ሐሳቤን ከልቡ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ለጋሽ አምባቸው ጤናና ረጅም ዕድሜ፤ ለባለቤታቸው ለእትዬ መነን ደግሞ ትዕግስት፣ ከሰኞ ጀምሮ የሚገመገሙት እሳቸው ናቸውና።

ልጆቹ ጋሽ አምባቸው ፊት ቆመው የሚያነቡበት፣ የምንበላበት የምንጨፍርበት ቀን ተቆርጧል። ሥራ ያላችሁ ዛሬውኑ ኦፍ ጠይቁ፤ ከስኔልቪልም ከየትም ኑ። ቅዳሜ፣ ኦገስት አስራ አምስት።