የውጭ ቁጥር

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ጥቁር የለበሰች ልጅ ነበረች። አጠገቧ ያሉት እናት ጠየቋት።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

«ወንድሜ። ሹፌር ጓደኛው ጭነት ይዞ ጅቡቲ ሲሄድ፣ ‹ባሕር አይቼ ልምጣ› ብሎ በነጠላ ጫማው ተሳፈረ።»

«ከዚያስ?»

«እዚያ ወባ ጣለው። ሆስፒታል ገባ።»

«አልደወለልሽም?»

«የሱ ስልክ እዚያ አይሠራም። በነርሷ ስልክ ሲደውል ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«አላነሳሁትም። የውጭ ቁጥር አጭበርባሪ ነው ሲሉ ሰምቼ ዘጋሁት።»

«ደጋግሞ ደወለ?»

«አዎ እማማ። ከዚያ ተወው።»

«ብታነሺስ ምን ታደርጊለት ነበር? ቀኑ ደርሶ ነው።»

«ድምፁን እሰማው ነበር።»

ወለንጪቲ እስክንደርስ ስልኬን በእጄ እንደያዝኩ ነበር።